ጓሳው ተዘግቷል፦ ከተፈጥሮ ጋር መኖር ለብቻ ይሆናል ወይ?

የጌራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ተፈጥሯዊ ኑሮ የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ንጹሕ ማር የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ አለ፣ ሳሙና ትቶ በእንዶድ ማጠብ የጀመረ አለ፣ ጦስኝ ከሻይ ቅጠል ይሻላል የሚል አለ። ሁሉም ጥሩ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ሁላችንም የምናወራው አንድ ሰው በሩን ዘግቶ በቤቱ ስለሚያደርገው ነገር መሆኑ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ስለሆነ ልጻፈው። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ 11 ዓመት ሠርቼ ካቻምና መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ወዳለው የእናቴ ቤት ተመለስኩ። የመለሰኝ ክዳን ነው። ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ ሲሉኝ ቆርቆሮ የምገዛበት ገንዘብ ይዤ መጣሁ። እናቴ ግን እምቢ አለች። «የጎረቤቴን ቆርቆሮ አይቼዋለሁ። በረዶ ሲጥል አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የሚናገረውን አትሰማም፤ ውርጭ ባደረ ሌሊት ደግሞ ከውስጥ ያልበውና ጠዋት ፊትህ ላይ ይንጠባጠባል። የእኔ ቤት በጓሳ ነው የሚከደነው» አለችኝ። የድሮው ክዳን ስንት ዓመት እንደቆየ ብጠይቃት ታናሽ እህቴ ክርስትና በተነሣችበት ዓመት የተከደነ ነው አለች። እህቴ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ለማታውቁት፣ ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ብርዳም አምባ ነው። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ገደሉ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ከላዩ የሚነሣው ውኃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጭላዳውም፣ ጅባራውም፣ ቀይ ቀበሮውም እዚያ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም ይባላል። እኛ በግ ስንጠብቅ እያየናቸው ነው ያደግነው።

ያን ዓመት ጓሳው ለሣር አጨዳ ተከፍቶ ነበር። አጎቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀስቅሶኝ ወጣን። ስንደርስ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ገና አልቀለጠም፤ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ማጭዴን ይዤ እንደ ገብስ ከሥሩ ማጨድ ጀመርኩ። ሁለት ጭብጥ እንዳጨድኩ አጎቴ ምንም ሳይናገር መጥቶ ማጭዱን ከእጄ ወሰደ። በግራ እጁ ጓሳውን ጨበጠ፣ የቀኙን አራት ጣት ከመሬት አስነክቶ ለካ፣ ከዚያ በላይ ቆረጠ። «ከዚህ በታች ያለው የአንተ አይደለም» አለኝ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የጓሳውን ቁጥቋጦ በሁለት እጁ ከፈል አድርጎ አሳየኝ። ከሥሩ ትንሽ ጉድጓድ አለች፣ የአይጥ መግቢያ። «ይቺ ቤቷን ካጣች ቀበሮው ምን ሊበላ ነው?»

ነዶውን ያሰርነው ከራሱ ከጓሳው በተገመደ ገመድ ነው። እኔ የገመድኩት መንገድ ላይ ሁለቴ ተበጠሰ። ክዳኑን 14 ሰው በደቦ በሁለት ቀን ጨረሰው፤ ዐቢይ ጾም ስለነበር እናቴ ሽሮና ተልባ አቀረበች፣ ጠላው ከሳምንት በፊት ተጠምቆ ነበር። እኔ ገንዘብ ይዤ መጥቼ ያወጣሁት ለጌሾና ለብቅል ብቻ ነው።

እና ሣሩን በነፃ አገኘነው ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ነፃ አይደለም። ዋጋው አለመንካት ነው። እኛ ያን ቀን ያጨድነው ሣር በተዘጋበት ዓመታት ከብቱ እየከሳ፣ ቤቱ እያፈሰሰ፣ ጓሳው ዓይኑ ሥር ሆኖ ሳይነካው የቆየ ብዙ ሰው አለ። የእናቴ ክዳን የዚያ ሁሉ ሰው ትዕግሥት ነው። አባቶቻችን ከተፈጥሮ ጋር ኖሩ ሲባል እኔ የሚገባኝ እንደዚህ ነው፦ የሚዘጋውን አብረው ዘጉ፣ የሚከፈተውንም አብረው ከፈቱ። በሬው በሚካኤል ቀን አይጠመድም፤ ሆዳችን በጾም ይታሰራል፤ ሣሩም ጾም ነበረው። አንድ ሰው ብቻውን ቢጾም ይችላል፣ ሣርን ግን ብቻውን ሊያስጾም አይችልም።

እናንተ አገር እንደዚህ የሚዘጋ ነገር ምን ቀርቷል? ከአንኮበር፣ ከምንጃር፣ ከሞረትና ጅሩ ያላችሁ ጻፉልኝ።

የአንኮበር ሴት

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። እኔ ወፍ ዋሻ ሥር ነው ያደግኩት። በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የጥድ ዘር ከዚህ ደን ተወስዶ መናገሻ ላይ ተዘራ ሲባል እየሰማን፣ በደናችን እየኮራን ነው ያደግነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየመኝ። እኔ ከ9 ዓመቴ ጀምሮ ከዚያ ደን ዳር ጭራሮ ተሸክሜአለሁ። ጠፍሩ ደረቴ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ክረምት ከበጋ ይቆስል ነበር። እናቴ እንጨት አውርዳ ወደ ምንጭ፣ እንስራ አውርዳ ወደ ወፍጮ ነበር ኑሮዋ። የድንጋዩን ወፍጮ ማለቴ ነው። የሞተር ወፍጮ ወደ ሰፈራችን የመጣ ቀን እናቴ እልል ብላ እንዳለቀሰች አልረሳውም። ስለዚህ ከተማ ያላችሁ ሰዎች «እንደ ድሮው እንኑር» ስትሉ እኔ የማየው የእናቴን ጀርባ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ያ ኑሮ የያዘውን እውቀት የማውቀው ደግሞ ከእሷው ነው። የወተቱን እቃ በወይራ ታጥነዋለች፣ ጋኑን በግራዋ አጥባ ታጥነዋለች። ዘር የምትመርጠው እሷ ነበረች። አውድማ ከመውረዱ በፊት ማሳው ውስጥ ገብታ፣ ዘለላው የሞላውን፣ አገዳው ያልወደቀውን ገብስ ለብቻ ትለቅማለች። አባቴ «ይኼ ይበቃል» ሲል እሷ «ገና ነው» ትላለች። ክፉ ዓመት መጥቶ እህል ሲያልቅ የዘሩ ጎታ አይከፈትም ነበር። ልጆች ርቦን እያለቀስን አልከፈተችውም። ከጎረቤት ተበድራ አበላችን፣ ጎረቤቷም በሌላ ዓመት ከእሷ ተበደረች። የሚዘጋ ነገር ምን አለ ብለህ ጠይቀህ የለ? እኛ ቤት የሚዘጋው ያ ጎታ ነበር።

መረሬ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እኔ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ከአርሶ አደሮች ጋር የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የአባቶች የሆነ ሁሉ ለመሬት ጥሩ ነው የሚል ነገር እዚህ መድረክ ላይ በተደጋጋሚ ስለማይ አንድ ምሳሌ ላንሣ።

በእኛ ደጋ ጥቁሩ መረሬ አፈር ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። አያቶቻችን የሚያደርጉትን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። አፈሩን አርሰው ያደርቁታል፣ ጓሉን እዚህም እዚያም ይከምሩታል፣ ከሥሩ ኩበት አስገብተው ያጋዩታል። ማሳው ለቀናት ሲጤስ ይታያል። ከዚያ አመዱንና የተቃጠለውን አፈር በትነው ገብስ ይዘራሉ። የዚያ ዓመት ገብስ ልብ ያስደስታል። አፈሩ ሲቃጠል ውኃ ማሳለፍ ይጀምራል፣ በውስጡ የታሰረው ፎስፈረስም ለሰብሉ ይለቀቃል። ግን የአፈሩ ብስባሽ አብሮ ይነዳል፣ ናይትሮጂኑም ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ምርቱ ወደ ታች ነው።

ታዲያ አያቶቻችን አላዋቂ ነበሩ? አልነበሩም። አጋይተው ካረሱ በኋላ መሬቱን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ያሳድሩት ነበር። ሣር ይበቅልበታል፣ በግ ይውልበታል፣ መሬቱ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ዛሬ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት የሚኖርበት ቀበሌ ብዙ ነው። ማሳደሩ ቀርቶ ማጋየቱ ብቻ ሲቀር ያው ጥበብ የነበረው ነገር ጥፋት ይሆናል። የጌራ ልጅ ያልከው ነው። ማጋየቱ መክፈት ነው፣ ማሳደሩ መዝጋት ነበር፤ እኛ መክፈቱን ብቻ ይዘን ቀረን።

ለመረሬ የሚሻለው ውኃውን በቦይ ማንጣፈፍ ነው። ባቄላን ከገብስ ማፈራረቅም አለ፣ ይህን ደግሞ አያቶቻችን ጥንቅቅ አድርገው ያውቁት ነበር። ኩበቱ ወደ ማሳ ይመለስ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን የአንኮበሯ እህታችን የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ምድጃው በምን ይነድዳል የሚለውን ሳልመልስ ማለት ያሳፍረኛል። ኩበት የሚነደው ሌላ እንጨት ስለጠፋ ነው። ባሕር ዛፉም ምንጭ ዳር ተተክሎ ውኃውን እየጠጣ ነው። ከቤት ራቅ አድርጎ፣ ከምንጭና ከማሳ አስወጥቶ በዳገቱ ላይ መትከል ይቻላል። ይህም ቢሆን የጎረቤትን ስምምነት ይፈልጋል፣ ጥላውና ሥሩ ድንበር አያውቅምና።

ጦስኝ ፈላጊ

ጽሑፎቹ በጣም ጥሩ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ጦስኝና ዳማከሴ ከሰሜን ሸዋ የሚልክልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ልጄን ጉንፋንና ምች እየደጋገመ ያስቸግራታል። መድኃኒት ቤት መመላለስ ሰልችቶኛል።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ

እህቴ፣ በልጅሽ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ራሴ ምች ሲመታኝ ዳማከሴ ጨምቄ እቀባለሁ፣ በቡናም እጠጣለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በዚያ ነው። ጦስኝ በማር ለጉሮሮ ደስ ይላል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ትኩሳቱ የማይበርድ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ያለ ልጅ ግን በዳማከሴ አይቆይም፤ ያን ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው።

ኮሶም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዘመን ሰው ከኮሶ ትል የተገላገለው በእሱ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የድሮ ሰው ኮሶ ሲጠጣ ቤት ውሎ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ መጠኑን የሚያውቅ ሰው ለክቶለት ነበር። አሁን በፕላስቲክ ታሽጎ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ የለካው ሰው የለም፣ አጠገብ የሚቀመጥም የለም። ቅጠሉን ከአዋቂው ነጥለን ብቻውን የገዛነው ዕለት ሌላ ነገር ሆኗል። የእኔ የቅርብ ዘመድ በዚህ ምክንያት ሦስት ቀን ራሷን ስታ ተኝታለች፤ እግዚአብሔር ትረፊ አላት እንጂ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጽሑፉን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፣ እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች። እኔ መንዝ ተወልጄ መንዝ 34 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የጌራ ልጅ ስለ መዝጋቱ ተናግሯል፣ አዘጋጉን ግን አልነገራችሁም።

ሥርዓቱ በእኛ አገር ቄሮ ይባል ነበር፤ በሌላ ቦታ ከምትሰሙት ቃል ጋር አይምታታባችሁ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ነው የሚነገረው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል፤ ልጆቻቸው ናቸው ባለመብቶቹ። በየአጥቢያው አለቃ ይመረጣል። ጓሳው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ተዘግቶ ይቆያል፤ እንደ ሣሩ እድገት፣ እንደ ድርቁም ክፋት ነው። ሊከፈት ሲል በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ይነገራል። ማንም ከማንም ቀድሞ አይገባም። በበጋ ይከፈታል፣ ክረምቱ ሲገባ ከብቱም ሰውም ይወጣል። ዘግተው ሳሉ የገባ ሰው በጠፍር ይገረፍ ነበር፣ ሲብስም ቤቱ ይቃጠል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ይመለስ አልልም፤ የነበረውን ነው የምነግራችሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ርስቱ ቀረ፤ ቄሮውም የርስት ነበርና አብሮ ቀረ። ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፣ እኔም አብሬ ዘምሬአለሁ፣ አልጸጸትም። ጓሳው ግን ባለቤት አጣ። በጥቂት ዓመት ውስጥ መንገድ ዳር ያለው ተላጨ፣ እንደ ሰው ራስ። የሁሉም ነው ሲባል የማንም ሆነ። በኋላ ሽማግሌዎች ተነሥተው በየቀበሌው ኮሚቴ አቆሙ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። እንግዲህ ያ ሥርዓት ነው ዛሬ ያለው። ሲገነቡት የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነውንም አስገቡት። ከድሮው እኔን ደስ የሚለኝ ይኼኛው ነው።

ያለ ማሳ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎ በመጨረሻ ያነሡት ነገር ባይኖር ኖሮ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። እኔ 26 ዓመቴ ነው፣ መሬት የለኝም፣ ከአባቴ ማሳ የሚደርሰኝም ለአንድ በግ አይበቃም። ስለ መዝጋት ስታወሩ እኔ የምጠይቀው ተዘግቶ የሚቆየው በማን ሆድ ላይ ነው ብዬ ነው። በሬ ያለው ሰው ጓሳው ቢዘጋ በገለባ ያሳልፋል። ምንም የሌለው ግን ጭራሮ ሸጦ ነው ልጅ የሚያበላው። ድሮም ከሁለቱ አባቶች ዘር ላልሆነ ሰው ጓሳው ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ ነበር።

የጌራ ልጅ

ወንድሜ ያለ ማሳ፣ እውነትህን ነው፤ በመጀመሪያው ጽሑፌ ይህን ሳላነሣ ማለፌ ስህተቴ ነው። የእኔ ቤተሰብ ከባለመብቶቹ ወገን ስለሆነ ነው ያልታየኝ። የእናቴ ክዳን የብዙ ሰው ትዕግሥት ነው ብያለሁ፤ ከእነዚያ ውስጥ ትዕግሥት ሳይሆን እጦት የሆነበት ሰው እንደነበረ መጻፍ ነበረብኝ።

የአንኮበሯ እህቴ፣ ያንቺንም ተቀብያለሁ። ደቦው ላይ ስለነበሩት 14 ሰዎች ጻፍኩ እንጂ ለ14ቱ እንጀራ የጋገሩትን ሦስት ሴቶች አልቆጠርኳቸውም። እናቴ፣ እህቴና ጎረቤታችን ሁለቱንም ቀን ከጭሱ ሥር አልወጡም። ከአሁን በኋላ 17 ነበርን ነው የምለው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጓሳ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጡ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ እንደሚያድን አይተው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በመንጋው መካከል ሲሆን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25ቱ ብቻ። ጭላዳው አይሸሸውም፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የጭላዳውን ግልገል አይነካም። እኛ እረኛ ሆነን ያየነው ነገር ነው፣ ቁጥሩን ግን አናውቅም ነበር። ቀበሮው አንድ ግልገል ነጥቆ ቢሄድ ያ ሁሉ ይቀርበታል። እኔ ስለ መዝጋት ለመናገር የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ በቃል አላማረልኝም እንጂ።

የአንኮበር ሴት

17 ነበርን ያልካት ልቤን ነካችው። ያለ ማሳ ወንድሜ፣ እኛ ጋ ደኑን ከሚሸጥ እንጨት ለማዳን የረዳው ጥበቃ ብቻ አይደለም፤ ሴቶቹ ከእንጨት ሌላ የሚሸጥ ነገር ማግኘታቸው ነው። እናንተ ጋ የመንዝ በግ ጸጉር አለ። ሴቶቻችሁ ይፈትሉታል፣ ወንዶቻችሁ ባናና በርኖስ ይሠሩበታል። እኔ አያቴ የተኛችበት ባና ዛሬም አለኝ፣ አንድ ክሩ እንኳ አልሳሳም። አንተስ ትሠራለህ?

ያለ ማሳ

አባቴ ሸማኔ ነው፣ እኔ ድርና ማጉን አውቃለሁ። ግን ባናው ይከብዳል ብለው የሚገዛ ጠፋ፣ ቀለል ያለው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ወሰደው። ሳይጨማደድ ቀጠን አድርጎ ለመሥራት ሞክሬ ነበር፣ ፈትሉ መቅጠን አለበት። ያን የሚፈትሉ አሮጊቶች በሰፈራችን ሁለት ቀርተዋል።

የአንኮበር ሴት

እንግዲያው ሳይደክሙ አጠገባቸው ቁጭ በል። እኔ ቀጭኑን ሁለት እወስዳለሁ፣ የማኅበራችን ሴቶችም ይጠይቁኛል። ዋጋውን ለየብቻ እንነጋገር።

ያለ ማሳ

እሺ እህቴ። የጌራ ልጅ፣ ዘንድሮ ጓሳው ይከፈታል? የአባቴ የሽመና ቤት ክዳኑ ሄዷል።

የጌራ ልጅ

ገና አልተነገረም፣ ኮሚቴው ሣሩን ዞሮ አይቶ ነው የሚወስነው። ከተነገረ እዚሁ እጽፋለሁ። ማጭድ እኛ ጋ አለ፣ አጎቴም ይመጣል። አንተ ጋቢ ደርበህ ና፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እዚያ ያለው ብርድ ክፉ ነው።